ስሜት ሲፈስ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው ከጣና ዳር ነው። የምትሰሙት የውሃው ድምፅ ነው። የማወራችሁ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ኢፍዩሲቭ።

ከውጭ የመጣች ባልደረባዬን እዚህ ባሕር ዳር፣ እናቴ ቤት ወስጃት ነበር። እናቴ ደጅ ድረስ ወጥታ አገላብጣ ሳመቻት። «አፈር ስሆን ብይልኝ» እያለች አጎረሰቻት። ስትሄድም እጇን ይዛ መረቀቻት። ልጅቷ አገሯ ገብታ መልእክት ላከችልኝ፤ «የእናትሽን ኢፍዩሲቭ አቀባበል አልረሳውም» ይላል።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

አፌ ተያዘ። ስሜታዊ ልበላት? እኛ ጋ ስሜታዊ ሲባል ሳያስብ ቱግ የሚለው ሰው ነው የሚታየን። ልጓም የሌለው ብላትማ ስድብ ነው።

ቃሉ ሥሩ ላቲን ነው፤ «ወደ ውጭ ማፍሰስ» ማለት ነው። ስሜቱን ሳይቆጥብ ለሚያፈስ ሰው ይነገራል። ግን ለሁሉም ስሜት አይሆንም። ምስጋና፣ ሙገሳ፣ አቀባበል ኢፍዩሲቭ ይባላሉ፤ ቁጣ አይባልም። አንዳንዴ ደግሞ «ኧረ በዛ» የሚል ትዝብት ይኖርበታል። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነበር። መልእክቱን ደግሜ ሳነበው ግን ትዝብት የለበትም። ናፍቆት ነው ያለበት።

የእሳተ ገሞራ አጥኚዎችም ይጠቀሙበታል። ተራራው ሳይፈነዳ ቅልጥ ዓለቱ በዝግታ ሲፈስ ኢፍዩሲቭ ይሉታል። ይሄ ፊቴ ያለው ጣና ራሱ ሐይቅ የሆነው፣ የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት የውሃውን መውጫ ገድቦት ነው። ይሄን ሳስብ ቃሉን ይበልጥ ወደድኩት።

እኛ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» እንላለን። የፈሰሰ ነገር ለእኛ የጠፋ ነው። ሐዘንና ቅሬታ ሲሆን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንይዘዋለን። እናቴም እንደዚያው ናት፤ ስታለቅስ ያየኋት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። እንግዳ ሲመጣ ግን የምታስቀረው ነገር የለም። የዚያን ሁሉ ዓመት ዝምታ በአንድ ምሳ የምታካክሰው ይመስለኛል።

መጨረሻ ላይ «እማዬ፣ ፍቅርሽን አፈሰስሽልኝ ነው ያለችው» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «በረካውን ሳትጠጣ ሄደች እኮ» አለችኝ። «መቼ ነው የምትመለሰው?»