መጥፎ ወሬ ወደ ላይ የሚወጣበት መሥሪያ ቤት

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ! እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

እዚህ አዳራሽ ያለነው አብዛኞቻችን የክፍል ኃላፊ፣ ፎርማን ወይም ሥራ አስኪያጅ ነን። ስለ ተጠያቂነት ስንሰበሰብ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ሠራተኛውን ነው። አረፈደ፣ አልፈረመም፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት። ዛሬ እስቲ ስለ ራሳችን፣ ስለ አለቆቹ እናውራ። ሁላችንም የምናስታውሰውን ጉዳይ ላንሳ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። ከዚያ በፊት ጥቅምት ላይ ያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። በሁለቱም ጊዜ ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር ከአንድ ሴንሰር ብቻ የተሳሳተ መረጃ ተቀብሎ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፈቀው። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት አብራሪዎች ስለዚህ ሶፍትዌር በመመሪያቸው ላይ ማብራሪያ አልተሰጣቸውም። ቴክኒኩን ለባለሙያዎቹ ልተወውና አለቆቹ ያደረጉትን እንይ።

ከሁለቱም አደጋ በፊት፣ ሰኔ 2010 ላይ፣ ኤድ ፒርሰን የሚባል የቦይንግ ፋብሪካ ኃላፊ ለ737 ፕሮግራም አለቃ ኢሜይል ጻፈ። ሠራተኛው ደክሟል፣ የጊዜ ገደቡ እያጣደፈን ነው፣ ምርቱን ለጊዜው እናቁመው አለ። ያነሳው ነገር ከኤምካስ የተለየ ነው፤ ማምታታት አልፈልግም። ግን ደፍሮ ጻፈ። ምርቱም አልቆመም። ሰው ሥራ ቦታ ዝም የሚለው ፈርቶ ብቻ አይመስለኝም። ተናግሮ የተለወጠ ነገር ስላላየም ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባል የለ?

በእኛ በኩል በዚያችው እሁድ የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈፃሚ አቶ ተወልደ ገብረማርያም አደጋው ቦታ ተገኙ። ስብርባሪው መካከል ቆመው የሚያሳየውን ፎቶ ያወጣው አየር መንገዱ ራሱ ነው። በማግስቱም የቀሩትን ማክስ አውሮፕላኖች ከበረራ ማገዱን አስታወቀ፣ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ገና ሳያግድ። ለአገር ልጅ አዳላ እንዳትሉኝ። ማንም ሳያዝዝ ማቆም ገንዘብ ያስወጣል።

መጋቢት 26 የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርት አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን መመሪያ ደጋግመው መፈጸማቸውን ገለጸ። የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ዴኒስ ሙይለንበርግ የዚያኑ ዕለት ይቅርታ ጠየቁ። ወር እንኳ ሳይሞላ ደግሞ መመሪያው ሙሉ በሙሉ ያልተፈጸመበት ቦታ አለ አሉ። ታኅሣሥ 2012 ከቦታቸው ተነሱ። የስንብት ክፍያ ባያገኙም ወደ 62 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የአክሲዮንና የጡረታ ጥቅም ነበራቸው። ባለሀብቶችን አሳስተዋል በሚል ለቀረበባቸው ክስ በ2015 መጀመሪያ 1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፣ ጥፋቱን ሳያምኑም ሳይክዱም። ሂሳቡን እናንተ ሥሩት። በወንጀል የተከሰሰው ሰውስ? አንድ የቦይንግ የቴክኒክ አብራሪ። እሱንም ቴክሳስ ያለ ፍርድ ቤት መጋቢት 2014 በነፃ አሰናበተው።

አሜሪካኖቹን እዚያው እንተዋቸው። እኛ ጋ ውሳኔ ሲያምር «እኔ ነኝ»፣ ሲበላሽ «ከላይ የመጣ ነው» እንላለን። ቢኤስሲ የሚባለውን የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ስንሞላ ለሁሉም 95 እንሰጣለን። ሥራው ወድቆ ሠራተኛው በሙሉ 95 ያገኘበት ቢሮ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ! አለቃው እንዲህ የሚሞላው ቸር ስለሆነ አይደለም። ለአንዱ 60 ቢሰጥ «አንተስ ምን አገዝከኝ?» መባሉ አይቀርም። ያንን ጥያቄ ሽሽት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ችግር ይዞ የመጣ ሠራተኛ በሳምንቱ በጽሑፍ መልስ ያግኝ። መልሱ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ ምክንያቱና የወሳኙ ስም ይስፈርበት። ወረቀት ማብዛት ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ይበዛል። ግን ነገሩ ሲበላሽ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ ፍለጋ አንገባም። ጥፋቱም ተንከባሎ ጥበቃው ወይም ጀማሪዋ ጸሐፊ ላይ አያርፍም።

የዛሬውን አጀንዳ አይታችሁ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ተቀይሯል። የእኔ ሪፖርት ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የቁጥጥር ኮሚቴው ያቀርባል፤ እኔ ሪፖርቱን ቀድሜ አላየሁትም፣ እንዲያሳዩኝም አልጠየቅኩም። ጥያቄ የሚጀምረው ከኋላ ወንበር ነው። የሥራ አስፈፃሚው አባላት መድረኩ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት ከአባላት ጋር ይቀመጣሉ፣ ስማቸው ሲጠራም ተነስተው ይመልሳሉ።

ጉባኤው ተከፍቷል። የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እባክዎ ወደ መድረክ ይምጡ።