ሸራ የለበሰው ሌዝ ማሽን

እንደምን አመሻችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላዬ ድምፅ ከሰማችሁ የጣና ነው። ስቱዲዮ መግባት አልፈለግኩም። ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጬ በስልኬ ነው የምቀዳው። ታንኳዎቹ እየገቡ ነው። አንዱ ቀረሶ ዓሣ ይዞ መጥቶ ሴቶቹ ከበውታል።

ስለ አባቴ ላወራችሁ ነው።

አባቴ የሌዝ ማሽን፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን፣ አሠልጣኝ ነበር። የተማረው እዚሁ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ነው። በ1955 የተከፈተው፣ ሶቪየቶች ያሠሩት። በ1977 የመንግሥት ሥራ ያዘ፣ 36 ዓመት ሠራ። በ2013 60 ሞላውና ጡረታ ወጣ። ሸኙት፣ ጋቢ አለበሱት። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሳ። ሸሚዙን ለበሰ፣ ጫማውን ጠረገ። በረንዳ ላይ ተቀመጠ። የሚሄድበት አልነበረውም።

ጥቂት ወራት እንዳለፈ ስልክ መጣ። የደወለው ያስተማረው ልጅ ነው፣ አሁን በአባቴ የድሮ መሥሪያ ቤት ይሠራል። «ጋሼ፣ ሌዙን የሚያሠለጥን ሰው አጣን። ቢመለሱልን» አለው። የአባቴን ፊት ብታዩት! ያን ቀን እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ።

ግን ማታውን እንቅልፍ አልወሰደውም። ባንክ ቤት፣ የጡረተኞች ሰልፍ ላይ፣ አንዱ «መንግሥት ቤት ተመልሰህ ከሠራህ ጡረታህ ይቆማል» ብሎታል። ሌላው ደግሞ «ማን ያይሃል፣ ዝም ብለህ ሥራ» ብሎታል። አባቴ ዝም ብሎ የሚሠራ ሰው አይደለም። ሊጠይቅ ሄደ። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፣ ሦስት ዓይነት መልስ ሰጡት። በመጨረሻ ሲመለስ ዝናብ መትቶታል። ኮፍያውን አወለቀና «ተዪው ልጄ፣ ያለችኝንም እንዳላጣ» አለኝ።

ማሽኑ ሸራ ለብሶ ከረመ።

ይህን ነገር እስከ ዛሬ አልተውኩትም። «ያለችኝ» ያላት ምን ያህል እንደሆነች ልንገራችሁ። እሱ ሲወጣ በሥራ ላይ የነበረው በ2003 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት ከደመወዝ 30 በመቶ። ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አባቴ 36 ዓመት ስለሠራ 62.5 በመቶ ደረሰው። እሱም ከመጨረሻው ወር ደመወዙ ሳይሆን ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ነው። አስቡት፣ በ2017 ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ 4,760 ብር ሲገባ እሱ ከወጣ ቆይቷል። የእሱ ስሌት በድሮው ደመወዝ ተዘግቷል። ጤፉን ግን የሚገዛው ከእኛ እኩል ነው።

ደግሞ ይህ ገንዘብ ችሮታ አይደለም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥበት ነበር፣ መሥሪያ ቤቱም 11 በመቶ ሲጨምርለት። ደሃ ነው ተብሎ የተሰጠው ነገር የለም። ስለሠራ ነው ያገኘው። ታዲያ አንድ አዛውንት በገዛ ገንዘቡ ለምን ይሳቀቃል? ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

አንድ ቅዳሜ ተቀምጬ አዋጆቹን አነበብኩ። ያኔ ነው የገባኝ። አገልግሎት ማራዘም የሚባል ነገር አለ። አባቴ ሲወጣ በሥራ ላይ በነበረው፣ በ2010 በወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ውስጥ ተጽፎ ነበር። ሙያው የሚፈለግ ከሆነ፣ ተተኪ ካልተገኘ፣ ጤናው ከፈቀደና ራሱም ከተስማማ ሠራተኛው ከ60 በኋላም በሥራው ሊቆይ ይችላል። ያን ጊዜ ሰውዬው ጡረተኛ አይደለም። ደመወዙን ይበላል፣ ጡረታው የሚጀምረው ሥራውን ሲለቅ ነው። ሁለቱ አይደራረቡም፣ ስለዚህ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ችግሩ ይህ የሚሆነው ከመውጣት በፊት መሆኑ ነው። መሸኛው ከተጻፈ በኋላ ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ ቅጥር ነው፣ አዲስ ደብዳቤ፣ አዲስ ጥያቄ። አባቴ 59 ዓመቱ ላይ ሳለ አንድ ሰው ጠርቶ «መምህር፣ ሌዙን የሚተካህ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ ያ ማሽን አይቆምም ነበር። ማንም አልጠየቀውም። ዕድሜውን ግን ፋይሉ ላይ ሁሉም ያውቀዋል! እኔ የምለው ይህን ነው። ከመውጫው ዓመት በፊት ሠራተኛውን ጠርቶ ማነጋገር ግዴታ ይሁን። ያለውን መንገድ በወረቀት ይስጡት። ቃል አይበቃም፣ አባቴን ሦስት ቃል ነው ያሰናከለው።

አሁን ደህና ነው። አንድ የግል ጋራዥ ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ቀን ይሠራል። በባጃጅ ይሄዳል፣ እጁ ዘይት ሸትቶ ይመለሳል። ጡረታውም በየወሩ ይገባለታል። ደስ ብሎታል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን እዚያ የሚያስተምረው ሁለት ልጆችን ነው። ድሮ በዓመት አንድ ሙሉ ክፍል ነበር የሚያወጣው።

ይህን ዛሬ ያነሳሁት በጎረቤታችን ምክንያት ነው። አዋላጅ ነርስ ናት፣ እኔንም ታናሽ እህቴንም ስንወለድ የተቀበለችን እሷ ናት። እትዬ ነው የምላት። ታኅሣሥ ላይ 60 ይሞላታል። ትናንት ቡና ላይ «እንግዲህ ቤት መዋል ነው» ስትል ሰማኋት። መቆየት ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሲኒውን አስቀመጠችና «ማን ይጠይቀኛል ብለሽ ነው?» አለች።

ማመልከቻውን አብረን ጻፍነው። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሯ ላይ እደርሳለሁ፣ አብረን እንሄዳለን። መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጧት ነው የምንጠይቀው።