ዘፋኙ ሲተነፍስ ማን ይመልስለታል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ስለ ቅንብር ላወራችሁ ነው።

የድሮ ካሴት ሽፋን ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ ነበር። ግጥም እከሌ፣ ዜማ እከሌ፣ ቅንብር እከሌ። ስለ ግጥም ሁላችንም እናወራለን። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ስንኝ እንተነትናለን። ዜማውንም ቢያንስ እናንጎራጉረዋለን። ቅንብሩ ላይ ስንደርስ ግን "አሪፍ ሙዚቃ ነው" ብለን እናልፈዋለን። የእኔ እንጀራ ደግሞ እሱ ነው። ሰው ዜማ ይዞልኝ ይመጣል፤ እኔ ኪቦርዱ ላይ ቁጭ ብዬ አቀናብራለሁ፤ የትኛው መሣሪያ መቼ ገብቶ ምን እንደሚጫወት እወስናለሁ ማለት ነው።

ሰሞኑን አንድ ጉዳይ አእምሮዬ ውስጥ ይመላለሳል። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ይወስዳል አይደል? ያቺን ክፍተት ምን ይሙላት? እኔ የአማርኛ ዘፈን ቅንብር ጥሩ ነው አይደለም የምለው እዚያች ቦታ ላይ ነው። መግቢያው ሊያምር ይችላል። ድራሙም ሊያስጨፍር ይችላል። ክፍተቷ ላይ የሚመጣው መልስ ካልሆነ ግን ዘፈኑ አይዘኝም።

አዝማሪን አስቡት። አንድ ስንኝ ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ማሲንቆው ያንኑ ዜማ ተቀብሎ ይመልሰዋል። እንዳለ ግን አይደለም። መሃሉን ያንቀጠቅጠዋል፣ ጫፉ ላይ አንዲት ድምፅ ጣል ያደርጋል። በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር ይሆናል። አዝማሪው ቀጣዩን ግጥም ያስባል። ከታዳሚው አንዱ "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ይሰጠዋል። የተሰደበው ይስቃል፣ የተሞገሰው ኪሱን ይዳብሳል። አንዲት ገመድ ብቻ ያላት መሣሪያ ናት ይህን ሁሉ የምታደርገው። ሰሚው ቅኔውን የሚፈታው ማሲንቆው እየመለሰ ሳለ ነው። ክፍተቷ ባትኖር ወርቁ ሳይገባን ሌላ ስንኝ ይደረብብን ነበር።

ዘመናዊ ባንድ ሲመጣ ይሄ ነገር አልጠፋም። እጅ ነው የቀየረው። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን አመጡት። ሽለላ እኮ የጦር ሜዳ ድምፅ ነው፤ ፉከራ ያለበት፣ ደም የሚያሞቅ። እሳቸው ያንን ጉሮሮ በሳክስ አስጮሁት። ስታዳምጧቸው ትንፋሹ እንኳ የሸላይ ትንፋሽ ነው። ረጅም ይሄዳል፣ ይቆረጣል፣ እንደገና ይነሳል።

ከዚያ ደግሞ ነርሲስ ናልባንዲያን አሉ። አርመናዊ ናቸው፤ አርባ ልጆች የተባለውን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ባንድ ያስተማሩት የኬቮርክ ናልባንዲያን የወንድም ልጅ። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ፣ የአገር ቤት ዜማዎችን ለትልቅ ባንድ አቀናብረዋል። ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደነበረ አስቡት። ማሲንቆ ብቻውን የሚመልሰውን ነገር ለትራምፔት፣ ለትሮምቦንና ለሳክስፎን ማከፋፈል ነው። ሁሉም በአንድ ላይ ቢጮሁ ዘፋኙ ይዋጣል። ማን ቀድሞ ይግባ፣ ማን ይጠብቅ፣ ማን ከስር ይያዝ የሚለው በወረቀት ላይ ተጽፎ መሰጠት አለበት። የዚያን ዘመን የኦርኬስትራ ዘፈን በሰማሁ ቁጥር እጄ ሳላዘው ብራሱ የሚገባበትን ቦታ ጠረጴዛ ላይ ይመታል።

እስቲ አንድ ስንኝ ይዘን እንየው። ለዛሬው ወሬያችን ብዬ የሞከርኳት ናት።

መንገዱ ላይ ቆሜ ስጠብቅ መሸብኝ፣
ያንቺ መምጣት ቀርቶ ናፍቆትሽ መጣብኝ።

ወል ቤት ናት። እያንዳንዱ መስመር መሃሉ ላይ ስድስት ስድስት ሆኖ ይከፈላል። "መንገዱ ላይ ቆሜ" ካለ በኋላ ትንሽ ማረፊያ አለች። እዚህ መልስ አላስገባም። ሰውዬው ገና ወሬውን አልጨረሰም። "ስጠብቅ መሸብኝ" ሲል ነው ክራሩን የምለቀው። ክራሩ የሚመልሰውም የመጨረሻዋን "መሸብኝ" ዜማ ነው፣ ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ሁለተኛው መስመር ይመጣል። "ያንቺ መምጣት ቀርቶ" ላይ ቤዙን ጭምር አቆማለሁ። ድምፁ ብቻውን ይቅር። ሰሚው "ቀርቶ ምን?" ይበል። "ናፍቆትሽ መጣብኝ" ሲባል ሁሉም በአንዴ ይግባ። መልሱም ከበፊቱ ረዘም ይበል፤ ምክንያቱም ቤቱ ተመቷል፣ ሰሚው የሚያጣጥመው ነገር አግኝቷል።

ይሄን ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ሊያስበው ይችላል። የመጀመሪያዋ ማረፊያ ላይ ዋሽንት የሚያስገባ አቀናባሪ አውቃለሁ፤ ያምርበታል። ዋናው ነገር መልሱ ግጥሙን ሰምቶ መምጣቱ ነው።

አሁን ትንሽ ወደ ውስጥ ልግባ፤ ሙዚቃ የማትጫወቱም አብራችሁኝ ቆዩ። ከባዱ ነገር ቅኝት ነው፤ ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። አምባሰልን ከዶ አስነስተን እንውሰደው። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ፍላት ማለት ድምፁ በግማሽ ዝቅ ሲል ነው። እዚህ ውስጥ ሚ የለም። ሚ ፍላትም የለም። አንድን ኮርድ፣ ማለትም በአንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን፣ ሜጀር ወይም ማይነር የሚያደርገው ደግሞ ያ ከዶ ሦስተኛ የሆነው ሚ ወይም ሚ ፍላት ነው። ስለዚህ አምባሰል ዜማው በሚያርፍበት ድምፅ፣ በዶ ላይ ሙሉ ኮርድ አይፈቅድልህም። ዶ ሜጀር ብትመታ ከቅኝቱ የወጣ ሚ ታመጣለህ። ዜማው ወዲያው ሌላ ሰው ይሆናል።

የሚፈቀዱ ኮርዶች ግን አሉ። ፋ ማይነር ሦስቱም ድምፆቹ አምባሰል ውስጥ ናቸው፤ ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ። ሬ ፍላት ሜጀርም እንደዚያው። ብዙ ኪቦርዲስት እነዚህን አግኝቶ ደስ ይለውና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመታቸዋል። ያኔ ጆሮ ፋን ማረፊያ አድርጎ ይይዘዋል። ዘፋኙ ዶ ላይ ሲያርፍ መንገድ ላይ የቀረ ይመስላል። አንድም የተሳሳተ ድምፅ የለም፣ ግን አምባሰሉ የለም።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ዘፋኙ ሲዘፍን ከስር ዶና ሶል ብቻ ይያዛሉ። ባዶ ሊመስል ይችላል፣ ግን ቅኝቱ ይተነፍሳል። ኮርዶቹን ለክፍተቷ አስቀምጣቸዋለሁ። ስንኙ አልቆ መልሱ ሲመጣ ፋ ማይነር ይመጣል፣ ሬ ፍላት ይመጣል፣ ከዚያ ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት ወደ ዶ እንመለሳለን። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምረው ሲመለሱ የተጋፈጡትም ይሄንኑ ጥያቄ ነው፤ የቅኝቱን አምስት ድምፅ ሳይበርዙ የምዕራቡን ሙዚቃ አስራ ሁለት ድምፅ እንዴት እንጠቀም የሚለውን። የእሳቸው መልስ ኢትዮ ጃዝ ሆነ። አንቺሆዬማ የራሱ ጉድ አለው፤ እሱን ለሌላ ቀን።

ባለፈው አንዲት ወጣት ዘፋኝ ስቱዲዮ መጥታ ነበር። ድምፅዋ ግሩም ነው። የሠራሁትን ስታዳምጥ ቆየችና "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ባዶ አልሆነም? ፓድ ነገር ብናስገባበትስ?" አለችኝ። ፓድ ከስር ረዝሞ የሚያዝ የኪቦርድ ድምፅ ነው። "እስቲ ፓዱን አስገብቼ ላሰማሽ" አልኳት። አስገባሁ። ሰማች። ከዚያ ራሷ "አይ፣ ድምፄ ራቀ" አለች። አወጣነው። ክርክርም አላስፈለገን።

ግን ጥያቄዋ ይገባኛል። ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይ ትራክ መደርደር ቀላል ነው። ድሮ ለአንድ ሳክስ አንድ ሰው መቅጠር ነበረብህ፤ ስለዚህ የሚገባበትን ቦታ ታስብበት ነበር። አሁን አንድ ሉፕ፣ ራሱን እየደጋገመ የሚሄድ ቅንጭብ ድምፅ፣ ትከፍትና ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሄዳል። ዘፋኙ ይዘፍን ይተንፍስ ሉፑ አያውቅም። ይሄ የሚያሳዝነኝ ለናፍቆት አይደለም። ግጥም ጸሐፊው ተጨንቆ ያመጣት ስንኝ የምትሰማበት ቦታ ስለምታጣ ነው።

መሣሪያው ጥፋት የለበትም ደግሞ። ኤልያስ መልካን ተመልከቱ። በ2012 ዓ.ም. ነው ያረፈው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረ ልጅ ነው፣ ሥራውን በአብዛኛው የሠራው ግን በኮምፒውተርና በኪቦርድ ዘመን ነው። እሱ ያቀናበራቸውን ዘፈኖች ስሰማ መሣሪያዎቹ ከዘፋኙ ጋር ይነጋገራሉ። አንዲት የጊታር ሐረግ ብቅ ትልና ትጠፋለች። ስትፈልጋት ሁለተኛው አዝማች ላይ ተቀይራ ታገኛታለህ። ከእሱ በኋላ የመጣን ሰዎች ይሄን ቁጭ ብለን ማጥናት ያለብን ይመስለኛል።

እንግዲህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የምትወዱትን አንድ የአማርኛ ዘፈን ክፈቱ። ቢቻል ደህና የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። ግጥሙን ለዛሬ ተዉት፤ መቼም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ዘፋኙ በተነፈሰ ቁጥር ማን እንደሚመልስለት ብቻ ተከተሉ። ሳክስ ነው? ኦርጋን ነው? ተቀባዮቹ ናቸው? ወይስ ማንም የለም? ያገኛችሁትን በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል ጥቂቶቹን አብረን እናዳምጣቸዋለን፤ አንቺሆዬንም ያኔ እንገባበታለን። ሰላም ሁኑልኝ።