ዘንቢሉን ከበር ጀርባ

የተከበራችሁ የቅሬያችን (የዕድራችን) አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን ዋላችሁ?

ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ከሰኞ ገበያ ስመለስ ትንሿ ልጄ የያዝኩትን ተቀብላ መሬት ላይ ዘረገፈችው። ሽንኩርቱ በፌስታል፣ ቲማቲሙ በፌስታል፣ ቃሪያው በፌስታል። ዝንጅብሏ እንኳ ለብቻዋ ተቋጥራለች። ልጅቷ ቆጠረች፤ ዘጠኝ። «እማዬ፣ እነዚህን የት ነው የምናደርጋቸው?» አለችኝ። የት እንደምናደርጋቸው አውቃለሁ፤ ለልጅ መናገሩ ግን አሳፈረኝ።

ከሰል እናቀጣጥልባቸዋለን። እናንተም ታውቁታላችሁ። ፌስታሉን ምድጃው ላይ ጣል አድርገን፣ ያ ጥቁር ጭስ ሲወጣ ፊታችንን ዞር እናደርጋለን። ጀርባችን ላይ የታዘለው ሕፃንስ ወዴት ይዙር? ጭሱ እኮ መርዝ ነው።

ያልተቃጠለው ቦይ ውስጥ ይገባል። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ቦዩ ተደፍኖ ሲያገኘው ወደ ቤታችን ይዞራል። ጠርጎ የወሰደውን ደግሞ የቦርከና ወንዝ ይቀበላል፤ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ጨፋ ሜዳ ይዞት ይወርዳል። ጨፋ ላይ ከብት ይሰማራል። ፌስታል የዋጠች ላም ሆዷ ይነፋል፣ ማመስኳት ታቆማለች፣ እየከሳች ትሄዳለች። ስትታረድ ከጨጓራዋ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ፌስታል ይወጣል። አልበሰበሰም፤ አይበሰብስምም።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። መቀጫም አለው። መቀጫው እስኪመጣብን ግን ባንጠብቅ ደስ ይለኛል።

እኛ ቤት የተጀመረው በእናቴ ዘንቢል ነው። ከዕቃ ቤት አውጥቼ አቧራውን አጠብኩና ከበር ጀርባ ሰቀልኩት። ከበር ጀርባ መሆኑ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ከገባ ተረሳ ማለት ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም አብረው ይገባሉ፣ ቤት ደርሶ መለየት የደቂቃ ሥራ ነው። ለቃሪያና ለዝንጅብል ከአሮጌ ነጠላ ትንንሽ ከረጢት ሰፋን። ባለቤቴ መጀመሪያ ዘንቢል ይዞ መውጣት ከብዶት ነበር፤ አሁን ሥጋ ቤት ሲሄድ ክዳን ያለው ሳህን ይዞ ነው። ልጆቹ ውሃ በኮዳ ይወስዳሉ። ትኩስ ፉል በፌስታል ማስገዛት ደግሞ ጭራሽ ቀርቷል። ሙቀቱ የላስቲኩን ኬሚካል ወደ ምግቡ ያወጣዋላ!

ሁሉም ተሳክቶልናል አልልም። ፓስታውም ብስኩቱም በላስቲክ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ዘጠኙ ፌስታል ግን አሁን አንድ ወይ ሁለት ነው፤ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ምንም የለም።

አሁን ወደ ቅሬያችን ልምጣ። ድንኳናችን አለ፣ ድስታችን አለ። ብርጭቆው ግን እየተሰበረ አለቀና በሚጣል የላስቲክ ኩባያ ተካነው። ማጠቡ ሰልችቶን ነው፤ እኔም ከሰለቻቸው አንዷ ነበርኩ። ለቅሶ አልቆ ድንኳኑ ሲነሳ ግቢውን አይታችሁታል? ኩባያው በነፋስ እየተንከባለለ ከአጥር ሥር ይከመራል። የሐዘኑ ቤተሰብ፣ ያ ሁሉ ደርሶበት፣ እሱን ሲለቅም ይውላል። ይሄ ልቤን ይበላዋል።

ስለዚህ ከቅሬው ገንዘብ የማይሰበር የብረት ኩባያ ይገዛ እላለሁ። ማጠቡን በተራ እናድርገው፤ ወንዶች ልጆቻችንም ይግቡበት። የመጀመሪያውን ተራ እኔና ልጆቼ እንወስዳለን።

አመሰግናለሁ።