ያረጀ ስፖርት መኪና ለየቀን መንጃ ልግዛ? የአድማጮች ጥያቄና የመካኒኩ መልስ

ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ፕሮግራማችን አንድ ወጣት ስለ አሮጌ ስፖርት መኪና ጠይቆ ሰዓት አለቀብን፣ ከዛ በኋላ ከቨርጂኒያም ከሜሪላንድም ከዲሲም ስልኩ አላቆመም። ጋራዥ ውስጥም በየቀኑ የምሰማው ነገር ስለሆነ የተደጋገሙትን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። አንድ ነገር ደጋግሜ ስለምል አትሰልቹኝ፦ የስፖርት መኪና ዋጋው ይወርዳል፣ ጥገናው ግን አይወርድም።

ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ለኮሌጅና ለስራ የ2006 ኒሳን 350ዚ ካልገዛህልኝ ብሎ ይዞኛል። ልግዛለት? (አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

ወንድሜ መኪናው መጥፎ አይደለም፣ ሞተሩ ጠንካራ ነው መለዋወጫውም ይገኛል። ግን ለ19 ዓመት ልጅ 300 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በኋላ ጎማ የሚገፋ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያለው መኪና እኔ በበኩሌ አልሰጥም። መጀመሪያ የመኪናውን ቪን (መለያ) ቁጥር ተቀብለህ ኢንሹራንስህ ጋር ደውል፣ ዋጋውን ስትሰማ ጥያቄው እዛው ሊያልቅ ይችላል። ሁለተኛ የ2006ቱ ማንዋል ካምቢዮ ከሆነ ዘይት በመጠጣት የታወቀ ነው፣ ልጁ ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ኮፋኖ ከፍቶ የዘይት መለኪያውን የማያይ ከሆነ ሞተር ያቃጥላል፣ በቃ።

ሦስተኛውን ደግሞ ቁጭ አድርገህ ንገረው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው 20 ማይል አልፎ ወይም ከ85 ማይል በላይ ሲነዳ ከተያዘ ነገሩ ሬክለስ ድራይቪንግ (አደገኛ አነዳድ) ሊባል ይችላል፣ እሱ ደግሞ ተራ ትኬት ሳይሆን ወንጀል ነው፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት አለው። የኢሚግሬሽን ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ያለ ልጅ ከሆነ ጉዳቱ ከዛም ሊያልፍ ይችላል፣ እሱን ለጠበቃ ተዉት።

ፕሪሚየም (ውዱ) ቤንዚን የግድ ነው? (ከአርሊንግተን)

የቤንዚን ክዳኑ ላይ ወይም ማኑዋሉ ላይ ፕሪሚየም ሪኳየርድ (የግድ) የሚል ከሆነ አዎ የግድ ነው። በዛ ለመቆጠብ አታስብ፣ ሌላ መኪና ግዛ።

የ2002 ፖርሽ ቦክስተር በ9,000 ዶላር አገኘሁ። ያገለገለ ካምሪ እንኳን ከዚህ ይወደዳል፣ ምን አስቀመጠኝ? (ከስፕሪንግፊልድ)

ጥገናው ያስቀምጥህ ወንድሜ። የዛ መኪና ዋጋ የረከሰው ያለ ነገር አይደለም። ከ1997 እስከ 2004 ያለው ቦክስተር፣ በዛው ዘመን የወጣው አብዛኛው 911ም ጭምር፣ ሞተሩ ውስጥ አይኤምኤስ የሚባል ኩሽኔታ አለ። እሱ ሲበላ የብረቱ ብናኝ ከዘይቱ ጋር በሞተሩ ሁሉ ይዞራል፣ ሲብስ ሰንሰለቱ ይዘልና ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ከዛ በኋላ ያለው ወሬ የሞተር ቅያሪ ነው። ሁሉም ላይ አይደርስም፣ ብዙዎቹ እንደውም ሳይበላሹ ዛሬም እየተነዱ ነው። ግን የ2000 መጀመሪያዎቹ ላይ ያለው ባለ አንድ ረድፍ ኩሽኔታ ከቀደመው ይደክማል፣ ከ2009 ጀምሮ በመጣው አዲስ ሞተር ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም።

ስለዚህ ሻጩን ኩሽኔታው ተቀይሮ ከሆነ ደረሰኙን አሳየኝ በለው። ደረሰኝ እንጂ "አዎ ተቀይሯል" የሚል ወሬ አልፈልግም። ካልተቀየረ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ወርዶ ነው የሚደረስበት፣ ስለዚህ ፍሪሲዮን ስታስቀይር አብረህ የምታሰራው ስራ ነው፣ ሂሳቡን ከዋጋው ጋር ደምረህ ተከራከር።

እኔ እንዲህ አይነት መኪና ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገውን ልንገርህ። የዘይት ፊልትሩን አወጣና የወረቀቱን እጥፋት በቢላ ቆርጬ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ ከመብራት ስር አየዋለሁ። ቡናማ የፕላስቲክ ስብርባሪ ካለ የሰንሰለቱ መወጠሪያ እየተበላ ነው፣ እሱ ጊዜ ይሰጣል። የሚያብረቀርቅ ብረት ካለ ግን ማግኔት አስጠጋበታለሁ፣ ከያዘ መኪናውን ለባለቤቱ መልስ ነው የምለው። ይሄ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ብር ሳትከፍል በፊት አስደርገው። ከመክፈልህ በፊት! ከከፈልክ በኋላ ይዘህ ብትመጣ እኔም ከማዘን ሌላ የማደርግልህ የለም።

መኪናው ስምንት ዓመት ጋራዥ ውስጥ የቆመ ነው፣ ጎማው ግን ጥርሱ ሙሉ ነው። ሁለቱን ያገለገለ ጎማ በ40 በ40 ዶላር ገዝቼ ብቀይር ለጊዜው አያስኬደኝም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አያስኬድህም። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ከኛ ሰው በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው፣ ታክሲና ኡበር የሚሰሩትም ጭምር።

ጎማ የሚሞተው ጥርሱ ሲያልቅ ብቻ አይደለም፣ ቆሞም ያረጃል። ላስቲኩ ውስጡ እንደ ድርቆሽ እየደረቀ ይሄዳል፣ ከብረት ሽቦው ጋር ያለው መያያዣ ይላላል። ከላይ ስታየው ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ሻጩ ቅባት ቀብቶት ሊሆን ይችላል። 95 ወይም 495 ሃይዌይ ላይ በ70 ማይል ስትሄድ ሙቀቱ ሲነሳ ግን የላይኛው ንብርብር ተገንጥሎ ይሄዳል፣ የኋላ ጎማ ላይ ከሆነ ደግሞ መሪ ይዘህ የምታደርገው ነገር የለህም። የፊልም ተዋናዩ ፖል ዎከር በ2013 ካሊፎርኒያ የሞተበት የፖርሽ ካሬራ ጂቲ አደጋ ዋናው ምክንያት ፍጥነት ነው ብለው መርማሪዎቹ ዘግተውታል፣ ግን የመኪናው ጎማዎች 9 ዓመት የሞላቸው እንደነበሩ፣ እድሜያቸውም የመኪናውን አያያዝ ሳይጎዳው እንዳልቀረ እዛው ምርመራ ላይ ተጽፏል። ያ መኪና በጣም ውድ ነው እኮ፣ ጎማ መግዣ አጥተው አልነበረም።

እድሜውን እንዴት እንደምታይ ስማ። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) የሚል ጽሑፍ አለ፣ መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር አለው። 3515 ካለ በ2015 በ35ኛው ሳምንት የተሰራ ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሰራ ነው፣ እሱን ለፎቶም አትንካው። ውጪ በኩል ቁጥሩን ካጣኸው በውስጥ በኩል ነው ያለው፣ ተኝተህ በባትሪ እያበራህ እይ፣ ልብስህ ይቆሽሽ። ብዙ መኪና ሰሪዎች 6 ዓመት ሲሞላ ቀይሩ ይላሉ፣ የጎማ ፋብሪካዎቹ ደግሞ ምንም ቢሆን ከ10 ዓመት እንዳያልፍ ይላሉ። ትርፍ ጎማውንም እይ፣ እሱን የሚያስታውሰው የለም።

ያገለገለ ጎማ ደግሞ ከየትኛው የተገለበጠ መኪና እንደተፈታ፣ ስንት ጊዜ በውስጥ እንደተለጠፈ አታውቅም። ስፖርት መኪና ላይ ሲሆን ይብሳል፣ ጎማው ሰፊ ነው፣ ዝናብ ላይ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ በዚህ ላይ ብዙዎቹ የበጋ ጎማ ናቸው፣ ብርዱ ከ45 ፋራናይት ሲወርድ ይደርቁና መንገድ አይዙም። አሜሪካ ውስጥ መኪና ሲንሸራተት የሚያግዘው ሲስተም በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነው፣ እንደ 2003 ያለ አሮጌ መኪና ላይ ላይኖር ይችላል። ልጆችህን ትምህርት ቤት የምታደርስበት መኪና ነው። አራት አዲስ ጎማ መግዛት ካልቻልክ መኪናውን መግዛት አልቻልክም ማለት ነው፣ ተቆጣኝ ብትለኝም ግድ የለኝም።

ማዝዳ አርኤክስ 8 አለኝ፣ የኤርባግ ሪኮል (ለነጻ ጥገና መልሶ መጥሪያ) የሚል ደብዳቤ በየጊዜው ይመጣል። መኪናው ምንም አልሆነም፣ ልተወው? (እህት፣ ከሃያትስቪል)

እህቴ እባክሽ ነገውኑ ደውይ። ታካታ የሚባል ኩባንያ የሰራው ኤርባግ ነው፣ ሙቀትና እርጥበት ውስጡ ያለውን ኬሚካል ያበላሸዋል፣ ግጭት ሲደርስ ኤርባጉ ይፈነዳና የብረት ስብርባሪ ፊትና አንገት ላይ ይበትናል። እዚህ አገር ብቻ ከ25 በላይ ሰው ሞቷል፣ 67 ሚሊዮን የሚጠጋ ኤርባግ ነው የተጠራው። ቅያሪው ነጻ ነው፣ አንድ ሳንቲም አትከፍይም፣ የሚሰራው ግን የማዝዳ ዲለር እንጂ እኔም ጎረቤትሽም አይደለንም። አሮጌ መኪና የምትገዙ ሁሉ 17ቱን የቪን ቁጥር ኤንኤችቲኤስኤ (NHTSA፣ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ሳታዩ እንዳትከፍሉ። መኪናው የመጀመሪያ ባለቤቱን ካጣ ደብዳቤው የድሮ አድራሻ ነው የሚሄደው።

ሻጩ "ስቴት ኢንስፔክሽን (የመንግስት የመኪና ምርመራ) አልፏል፣ መካኒክ ጋ መሄድ አያስፈልግም" አለኝ። ማይሉም 80 ሺህ ብቻ ነው። (ከዲሲ)

ኢንስፔክሽን ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ ምናምን ነው የሚያየው። የሞተር ኮምፕረሽን አይለካም፣ ካምቢዮ አይፈትሽም። ዲሲ ደግሞ ለግል መኪና ሴፍቲ ኢንስፔክሽን ከ2009 ጀምሮ ጭራሽ የለም፣ ጭሱን ብቻ ነው የሚያዩት።

ማይሉን በተመለከተ፣ በፌደራል ህግ የ2010 ሞዴልና ከዛ በፊት የሆነ መኪና ሲሸጥ ማይሉን በወረቀት ማረጋገጥ ግዴታ አይደለም፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ኤግዘምፕት (ከግዴታው ነጻ) ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ ያየኸው 80 ሺህ ብቻውን ምንም አይነግርህም። የዘይት ቅያሪ ደረሰኞቹን በቀን ደርድረህ እይ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሉ ላስቲክ ተበልቶ እንደሆነ እይ፣ 80 ሺህ የሄደ መኪና ፔዳሉ ልሙጥ አይሆንም። ታይትሉ ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ ካልገጠመ ደግሞ ንግግሩን አቁመህ ሂድ።

ማርሚታውን አስወጥቼ ቀጥታ ቧንቧ አስገባሁ፣ ድምፁ ያምራል። ግን ስነዳ ሽታ ይገባል፣ ራሴን ያመኛል። (ከውድብሪጅ)

ልጄ ይሄን ስታነብ መኪናው ውስጥ ከሆንክ አጥፋና ውረድ። የሚገባው የጭስ ማውጫ ጋዝ ነው፣ ውስጡ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ እሱ ደግሞ ራሱ ሽታ የለውም፣ ሽታው ቢጠፋም እሱ ሊኖር ይችላል። ያስተኛና ይገድላል። መስኮት ከፍቼ እነዳለሁ እንዳትለኝ። ዛሬውኑ ሀኪም ጋ ሄደህ የሆነውን በዝርዝር ንገራቸው፣ መኪናውን በጎታች ወደ ባለሙያ ላክ። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩንም (የጭስ ማጣሪያውን) አብረህ አስወጥተህ ከሆነ እሱ በፌደራል ህግ የተከለከለ ነው፣ መልሰህ አስገጥም።

አንድ ሁለት ዓመት ነድቼ አዲስ አበባ ብልከውስ?

በ2024 መንግስት በነዳጅ የሚሰራ መኪና ማስገባት ከልክሏል። ያንን ሂሳብ ውስጥ አታስገባ።

እሺ ሁሉንም አትግዙ አልክ፣ ምን እንግዛ? (ብዙ ሰው)

ሁሉንም አላልኩም፣ ሳታስመረምሩ አትግዙ ነው ያልኩት። ለየቀን መንጃ ብላችሁ ካስጨነቃችሁኝ ማዝዳ ሚያታ ነው የምላችሁ። ቀላል ነው፣ ቤንዚን አይበላም፣ መለዋወጫው ሞልቷል፣ እኔም ጎንበስ ብዬ ስሰራው እጄ ይገባል። ከ1990 እስከ 2005 ያለው ሞተሩ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው በቺንጊያ ነው፣ በየ60 ሺህ ማይሉ ይቀየራል። ከ2006 ጀምሮ ሰንሰለት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ከበሩ ስር፣ ወደ ኋላ ጎማው የሚጠጋውን ቆርቆሮ በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉት፣ የጨርቅ ጣሪያው ውሃ ማፍሰሻ ሲደፈን ውሃው እዛ ይጠራቀምና ከውስጥ ያዝገዋል፣ ቀለሙ ካበጠ ወይም ቆርቆሮው ከሰረጎደ አልፋችሁ ሂዱ። ከዋጋው ሲሶ የሚሆን ብር ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ለብቻ አስቀምጡ። የጎማውን አራት ቁጥርም እንዳትረሱ።