ሄልሜቱ ከመጋዘን ይውጣ

የተከበራችሁ የሕንፃ ሥራ ተቋራጮች ማህበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

በየዓመቱ እዚህ ስቆም የማወራው ስለ ሲሚንቶ ዋጋና ስለ ክፍያ መዘግየት ነው። ሁለቱም ዘንድሮም አልለቀቁንም፤ ከሰዓት በኋላ በሰፊው እንነጋገርባቸዋለን። ጠዋቱን ግን ለሌላ ጉዳይ ፈልጌዋለሁ። ሳይታችን ላይ ስለሚውለው ሰው ላወራችሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በራሴ ሳይት የደረሰውን ልንገራችሁ። ሕንፃው ባለ አራት ፎቅ ነው፤ የውጭ ልስን ላይ ነን። መወጣጫው እንደተለመደው የባህር ዛፍ አጣና ነው። አንድ ልጅ፣ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስተኛ ቀኑ፣ የተቦካ ሲሚንቶ በባልዲ ይዞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሻገር የረገጠው ጣውላ ተገለበጠ። ጣውላው በሚስማር አልተመታም ነበር። ደርሼ ቀና ስል አንዱ ነጠላ ጫማው አጣናው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ልጁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሱ ተረፈች። ወገቡ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ዛሬም ከባድ ነገር አያነሳም።

በዚያን ቀን መጋዘኔ ውስጥ 20 ሄልሜት ነበር። አዲስ፣ ከነላስቲኩ። ቁልፉ ንብረት ክፍሉ ጋ ነው። ሄልሜቶቹ የሚወጡት አማካሪ መሐንዲሱ ወይም የሕንፃው ባለቤት ሊጎበኝ ሲመጣ ብቻ ነበር። ለምን ተቆለፈ ብትሉኝ፣ "ይጠፋላ!" ነበር መልሴ። ሄልሜት የዚያን ልጅ ወገብ እንደማያድን አውቃለሁ። ነገር ግን ሄልሜት የሚቆለፍበት ሳይት ላይ ጣውላውንም በሚስማር የሚመታ የለም። ይሄን የተማርኩት በሰው ወገብ ነው፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ያን ሰሞን የሚመክረኝ ሁሉ ስለ ካሳ ነበር የሚያወራኝ። ስንት ብትሰጠው ይስማማል፣ ሽማግሌ ላክ፣ እንዲህ በለው። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አነበብኩት። አንቀጽ 92 ላይ ስደርስ ቆምኩ። አንቀጹ የሚያወራው ስለ ወደቀ ሰው አይደለም። ገና ስላልወደቀው ነው።

ምን ይለናል? ሠራተኛው ሥራው ምን አደጋ እንዳለበት ንገሩት፣ አሠልጥኑት ይላል። የደህንነት ኃላፊ መድቡ፣ ኮሚቴ አቋቁሙ ይላል። የመከላከያ መሣሪያና ልብስ ስጡ፤ አጠቃቀሙንም አሳዩ። አደገኛ ሥራ ላይ የምታሰማሩትን በራሳችሁ ወጪ አስመርምሩ። አደጋ ሲደርስ መዝግቡ፣ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አሳውቁ። የሥራ ቦታው ራሱ ለሰው ጤና ጠንቅ እንዳይሆን አድርጉ። ይሄ ሁሉ ሠራተኛው ሳይት ከገባበት ቀን ጀምሮ ያለብን ግዴታ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 42 ላይ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት ብሎታል።

"የቀን ሠራተኛ ነው እኮ፣ ውል የለውም" የምንለው ነገር አለ። የሥራ ውል የግድ በወረቀት መሆን የለበትም። ጠዋት በር ላይ ስሙን ጠርተን ካስገባነው ሠራተኛችን ነው።

"ጥፋቱ የራሱ ነው" የሚለውም አያስኬድም። አንቀጽ 96 ኃላፊነቱን አሠሪው ላይ ያደረገው ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም ነው። የሚቀረው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው፤ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ መምጣት እዚህ ውስጥ ይገባል። እስቲ ልጠይቃችሁ። መመሪያ ሰጥተነው የማናውቀው ልጅ የቱን መመሪያ ጣሰ ልንል ነው?

ከእኛ ላይ ሥራ ቆርሶ ለወሰደው ሰው እየጣልን "የሳብ ኮንትራክተሩ ሠራተኛ ነው" የምንለውን ደግሞ እባካችሁ እንተወው። መወጣጫው የማን ነው? ጉድጓዱን ያስቆፈረው ማን ነው? ሳይቱ የእኛ ነው።

ሠራተኛው ሲጎዳ የሚከተለውንም እንወቅ። የመጀመሪያ እርዳታና ሕክምና አለ። ከሥራ ለሚቀርበት ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ እንከፍላለን። በዚህ ሒሳብ ስንት ጣውላ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ራሳችሁ አስሉት።

ብናኙንም አንርሳ። ሲሚንቶ ሲራገፍና ግድግዳ ሲፈለፈል የሚቦነው አቧራ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። በአንድ ቀን ስለማይጥል ነው የማናየው። ክረምት ላይ ደግሞ የመሠረት ቁፋሮ አለ። አፈሩ ውሃ ጠግቦ ሳለ፣ ዳርና ዳሩን ደግፈን ሳንይዝ ሰው ጉድጓድ ውስጥ የምናወርድ ከሆነ እየቀበርነው ነው። ከዚህ የቀለለ ቃል አላገኘሁም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ጨረታ ላይ ዋጋ ሰብረን ለመግባት መጀመሪያ የምንቀንሰው ይሄንኑ ወጪ ነው። አንዳችን ብረት መወጣጫ አስበን ስንሸነፍ፣ በአጣና ያሰበው ያሸንፋል። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የማህበራችን አባል የሆነ ሁሉ የደህንነት ወጪን በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ራሱን ችሎ ይጻፈው፤ በሱ ላይ እርስ በርስ አንወዳደር። ብረት መወጣጫም በጋራ ገዝተን በየተራ እንከራየው። አቅም የሌለው አባል እንዳለ አውቃለሁ። ማህበር ያስፈለገን ለዚህ ነው።

ስትገቡ በር ላይ የተደረደረውን ሰማያዊ መዝገብ አይታችኋል። ለየሳይታችሁ አንድ አንድ ውሰዱ። ቀኑን፣ የደረሰውን፣ ከዚያ በኋላ ያስተካከላችሁትን ጻፉበት። ለጥቂት የተረፈውንም ጻፉ፤ ጣውላ ተገልብጦ ማንም ባይጎዳም ይጻፍ። በየሦስት ወሩ ሰብስበን አብረን እናያለን። የሳይቱን ስም አንጠይቅም።

ጉባኤያችን መከፈቱን እገልጻለሁ። ሒሳብ ክፍል፣ ሪፖርቱን ይዛችሁ ወደ መድረክ ቅረቡ።