ተሰጣቸው፣ አበላሹት

የዛሬው የእናንተ ጥያቄዎች ቀን ነበር፤ ለሳምንት ይቆዩልኝ። እሁድ ቡና ላይ ጋሽዬ ያላት ነገር አልለቀቀችኝም። ጋሽዬን ታውቁታላችሁ፤ ፍርድ የሚሰጠው ሁለተኛው ስኒ ላይ ሲደርስ ነው።

ስለ ኢንዶኔዥያ ያነሳሁት እኔ ነኝ። በፈረንጆቹ 2018 ፓሉ የምትባለውን ከተማ ሱናሚ ሲመታት፣ የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤቱ ቃል አቀባይ ሱቶፖ፣ ባሕር ላይ ሆነው ሱናሚ የሚጠቁሙት 22 ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ከ2012 ጀምሮ አንዳቸውም እንደማይሠሩ ተናገረ። ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከማሌዥያ የተሰጡም ነበሩበት። ይሄን እንዳልኩ ጋሽዬ ስኒውን ሳያስቀምጥ፣ «ተሰጣቸው፣ አበላሹት» አለ። በቃ። ቤቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፣ እማዬም ሳትቀር። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

ድምፁ ነው የሚመላለስብኝ። ክፋት የለበትም እኮ፤ ሐዘን ነው ያለው። ዕቃ በእርዳታ መጥቶ ጥግ ላይ አቧራ ሲጠጣ ያላየ ማን አለ?

ግን እንዴት ነው የተበላሸው? የመሣሪያው አንዱ ክፍል ባሕሩ ወለል ላይ ተቀምጦ የውሃውን ግፊት ይለካል፤ በድምፅ ሞገድ ወደ ላይ ይልካል፤ ተንሳፋፊው ተቀብሎ ለሳተላይት ያቀብላል። ባትሪው ያልቃል። ለመቀየር መርከብ መውጣት አለበት፤ መርከብ ደግሞ ነዳጅ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ የየዓመቱ በጀት ነው። ለምረቃው ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም። ለባትሪው ማን ፈረመ? ዓሣ አጥማጁም ዓሣ ተንሳፋፊ ነገር ሥር እንደሚሰበሰብ ስለሚያውቅ ጀልባውን ያስርበታል። ምን ያድርግ? ልጆቹን የሚጠብቅለት ነገር መሆኑን ቀርቦ ያስረዳው ሰው ከሌለ...

ደግሞ እኮ፣ ፓሉ ላይ ማዕበሉ የደረሰው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። 22ቱም ቢሠሩ ምን ያህል ሰው ያተርፉ ነበር? እዚያው ኢንዶኔዥያ፣ ሲሜሉዌ የምትባል ደሴት አለች። በ2004ቱ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ፣ ለመሬት መናወጡ መነሻ ቅርብ ሆና የሞቱባት ሰባት ሰዎች ናቸው። በ1907 ተመሳሳይ ነገር ያዩ አያቶች፣ መሬት ሲናወጥ ወደ ኮረብታ ሩጡ ብለው ነግረዋቸው ነበር። ማንም ለጋሽ የለበትም።

ታዲያ መሣሪያው ይቅር ልል ነው? አይደለም! ጎረቤታችን ሶማሊያ ባሕር ዳር ላይ ሐፉን የምትባል ቦታ አለችላችኋ። ያው የ2004ቱ ማዕበል እዚያ ለመድረስ 7 ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል። ሃዋይ ያሉት የሱናሚ ባለሙያዎች የመሬት መናወጡን በደቂቃዎች ውስጥ አውቀዋል፤ በሕንድ ውቅያኖስ ግን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አልነበረም። ሶማሊያ ውስጥ 300 ገደማ ሰው አለቀ። እነሱ ጋ መሬት አልተንቀጠቀጠም፤ አያት ምን ብላ ትምከር? ለእነሱ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። መሣሪያና ሌሊትም ቢሆን ስልክ የሚያነሳ ሰው። የዚያ ሰው ደመወዝ ታዲያ የማን በጀት ውስጥ ይግባ? እኔ የሰጪው ነው የምለው፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት... ከዚያስ? ሰጪው ሲወጣ... አላውቅም፤ እሱም...